ሃሊበት በምን ይጠመዳል? ከድሬ ሆኜ ልለማመድ ነው

ከዚራ_ልጅ · እሁድ ማታ 2፡15

ሰላም ጀማዓ። ከመጀመሪያው ልለምናችሁ፣ አትሳቁብኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ አላስካ እሄዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ አንኮሬጅ ነው የሚኖረው። ለጥምቀት መጥቶ ሳለ አንድ ነገር አጫወተኝ። በጋ ሲሆን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆመር የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወርደው ሃሊበት ያጠምዳሉ። "ጀልባው ላይ አዲስ ሰው መንጠቆ አይዝም፤ የመንጠቆውን ምግብ ነው የሚያዘጋጀው። እሱን ካበላሸህ ቀኑን ሙሉ ስትሰደብ ትውላለህ" አለኝ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ መንጠቆ ሰጥቶኝ ሄደ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። የመዳፌን ግማሽ ያህላሉ። ጫፋቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ የአሞራ ምንቃር ነው የሚመስለው።

ለማታውቁት፣ ሃሊበት ጠፍጣፋ የባሕር አሳ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን ናቸው። ባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ ነው የሚኖረው። ከሰው የሚከብድም አለው።

እኔ የማውቀው ውሃ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ነው። እሱም ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ሲመጣ የሚመጣው ለመውሰድ ነው። ስለዚህ ምኑም ምኑም አይገባኝም። ሃሊበት ምን ይወዳል? እንዴት ይቆረጣል? እንዴት ይሰካል? እስከ ሰኔ እዚሁ ድሬ የምለማመድበት መላ ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ።

አሸዋ_ሰፈር · እሁድ ማታ 2፡31

ወሪያ! ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ሰፈር ውስጥ ቁጭ ብለህ የውቅያኖስ አሳ ልታጠምድ? አቦ ድሬ አትጠገብም። 😂

ፈጢራ_በማር · እሁድ ማታ 2፡40

ሳቁን ተዉት፣ ልጁ የምሩን ነው የጠየቀው። የድሬን ሰው ባሕር አያውቅም የሚል ካለ ደግሞ ባቡሩ ከ1902 (በፈረንጅ) ጀምሮ ወዴት ሲመላለስ እንደነበር ይጠይቅ። ጅቡቲ ሠርተው የመጡ ሰዎች እዚህ መድረክ ላይ አሉ። ባሕረኛው፣ የት ነህ?

ጁገል_ነኝ · እሁድ ማታ 3፡05

ከሐረር ነኝ። ስለ ሃሊበት አላውቅም፣ ግን ሐረማያ ላይ አምባዛ አጠምዳለሁ። ሐይቁ ደርቆ ሳለ መሀሉን በእግሬ አቋርጬዋለሁ፤ አሁን ውሃው ተመልሶ መንጠቆ እጥልበታለሁ። እኔም ራሴ አንዳንዴ አላምንም።

የማውቀውን ልንገርህ። አምባዛም ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ በዓይኑ አይፈልግም፣ ሽታውን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ትል ብሰካ ቆሮሶ ትቀድመውና ለቃቅማ ትጨርሰዋለች። የዶሮ አንጀት ስሰካ ግን ትናንሾቹ ቆርጠው መውሰድ ያቅታቸዋል፣ ይቆይልኛል፣ አምባዛው ይደርሳል። ፈላና በር ላይ ማታ ጅብ ሲያበሉ አይተህ የለ? ጅቡ የሥጋውን ሽታ ተከትሎ ነው ከጨለማ የሚወጣው። ያንተም አሳ እንደዚያ ይመስለኛል።

ባሕረኛው · ሰኞ ጠዋት 1፡20

አለሁ። ማታ ተኝቼ ነበር።

ጅቡቲ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አራቱን ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ በትንሽ ጀልባ። ሃሊበት በቀዝቃዛ ባሕር ስለሚኖር እኛ ጋ የለም። ግን የወለል አሳ የወለል አሳ ነው። ጁገል ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር።

እኛ የምንጠቀመው ሰርዲን ነበር። ሰርዲን ዘይት አለው፣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። ችግሩ ልፍስፍስ ነው። ሃምሳ ሜትር ሲወርድ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ታች ሲደርስ ትናንሽ አሳዎች ይበሉታል፣ አንተ ከላይ ባዶ መንጠቆ ይዘህ "ዛሬ አሳ የለም" ትላለህ። አለቃችን የኦቦክ ሰው ነበር። ሰርዲኑን መንጠቆው ላይ ካደረገ በኋላ በቀጭን የስፌት ክር ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ይጠመጥመዋል። ቋጠሮ አያስርም፣ ጠምጥሞ ብቻ ይበጥሰዋል። እርጥብ ክር ራሱን ይይዛል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ነው የምትፈልገው። የሚሸት፣ እና የሚቆይ። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚራ_ልጅ · ሰኞ ጠዋት 1፡48

ባሕረኛው እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ክር በደንብ እንዲያብራሩልኝ

ባሕረኛው · ሰኞ ጠዋት 1፡52

ምን "እንዲያብራሩልኝ" ትላለህ? ድሬ ላይ አንቱ ከመቼ ወዲህ ነው የተጀመረው? አንተ በለኝ።

ሆመር_ያለሁት · ሰኞ ከሰዓት 9፡10

ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነው የገባሁት። የድሬ ልጅ ነኝ፣ የሳቢያን ሰፈር። ሆመር ላይ ሦስት በጋ ቱሪስት በሚያስጠምድ ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሙሉ በሙሉ ወንድምህ ያለህ ነበር፦ መቁረጥ፣ መሰካት፣ ማጠብ፣ መሰደብ። እዚህ አሁን ሌሊት ነው፣ ሥራም የለኝም፣ ረጅም እጽፋለሁ።

ሃሊበት ባሕር ወለል ላይ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል። ጫጩት ሳለ እንደ ሌላው አሳ ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ናቸው። ሲያድግ የግራው ዓይን በግንባሩ ዞሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጀርባው አሸዋ ይመስላል፣ ሆዱ ነጭ ነው። ሸርጣን ይበላል፣ ኦክቶፐስ ይበላል፣ ኮድ የሚባለውን አሳ ይበላል፣ ሄሪንግ ይበላል። መራጭ አይደለም። መራጭ የሚሆነው መንጠቆህ ነው፤ ምን ይዞ ታች ይደርሳል ነው ጥያቄው።

ሄሪንግ ማለት የባሕረኛው ሰርዲን ታላቅ ወንድም በለው። ዘይታም ነው፣ ሽታው ወደር የለውም፣ በየሱቁ በረዶ ሆኖ በሳጥን ይሸጣል። ጉድለቱ ያው ነው፣ ይፈርሳል። ደግሞ ዶግፊሽ የሚሉት ትንሽ ሻርክ አለ፣ ለስላሳ ሄሪንግ ካገኘ ለሃሊበት አያተርፍም። ቀኑን ሙሉ ሻርክ ከመንጠቆ ስትፈታ ትውላለህ፤ ቆዳው ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ጀርባው ላይ እሾህ አለው።

ኦክቶፐስ የዚያ ተቃራኒ ነው። ሽታው ብዙ አይደለም። ግን ጎማ ነው። አንዴ ከሰካኸው አንድ ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ዋጋው ውድ ነው፣ ስለዚህ በጥንቃቄ ነው የሚቆረጠው፣ የክብሪት ቀፎ ያህል ቁራጭ ይበቃል።

ሦስተኛው የሳልመን ጭንቅላትና የሆዱ ሥጋ ነው። ሆዱ ዘይት አለው፣ ቆዳው ጠንካራ ነው። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለው ማለት ነው። ጭንቅላቱን ለትልቅ ሃሊበት ነው የሚያወርዱት፣ ትንሹ አፉ ስለማይችለው። እዚህ ላይ ግን ሕግ አለ። በመዝናኛ ፈቃድ ያጠመድከውን ሳልመን ጭንቅላቱን፣ ጭራውን፣ ክንፉንና ሆድ ዕቃውን ለመንጠቆ መጠቀም ትችላለህ። ደህናውን ሥጋ ግን ዝም ብለህ አትቆርጥም፣ ደንቡን አይተህ ነው። ወንድምህን ጠይቀው፣ እየዞሩ የሚፈትሹ አሉ።

እኔ የምወደው? አንድ መንጠቆ ላይ መጀመሪያ ኦክቶፐስ፣ ከዚያ ግማሽ ሄሪንግ። ሄሪንጉ ይጠራል፣ ሻርክና ኮድ ቢገፈው እንኳን ኦክቶፐሱ ቤት ይጠብቃል።

አሸዋ_ሰፈር · ሰኞ ከሰዓት 9፡34

"ቤት ይጠብቃል" 😂😂 የቤት ሠራተኛ አደረከው እኮ

ፈጢራ_በማር · ሰኞ ከሰዓት 10፡02

ስለ ኦክቶፐስ ካነሳችሁ፣ የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች፣ ትሊንጊትና ሃይዳ፣ ብረት ሳይመጣ በፊት ለሃሊበት የእንጨት መንጠቆ ነበራቸው። ሁለት ዓይነት እንጨት በአንግል ታስሮ የቪ ቅርጽ ይሠራል። አንደኛው ክንድ ላይ የእንስሳ ወይም የመንፈስ ምስል ይቀረጻል፣ ምስሉም ወደ ባሕሩ ወለል ያያል፣ ማለት አሳው እንዲያየው። ኦክቶፐስ ያስሩበት ነበር። እናንተ ዛሬ የተጣላችሁበትን ነገር ሰዎቹ ድሮ ጨርሰውታል።

ሆመር_ያለሁት · ሰኞ ከሰዓት 10፡09

እውነት ነው። የመንጠቆው ስፋት ራሱ አፉ በጣም ትንሽ የሆነውንና በጣም ትልቅ የሆነውን ይተዋል። ሙዚየም ውስጥ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ከማስጌጫ ጋር ሰቅለውታል፣ ሰው እያለፈው ይሄዳል።

ሲያትል_ድሬ · ማክሰኞ ጠዋት 12፡45

ይቅርታ፣ አልስማማም። ሄሪንግ ትኩስ መሆን አለበት። በረዶ የገባው፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ ምናምን የምትሉት ሁሉ ሽታውን ይገድለዋል። እኔ ዋሽንግተን ላይ ትኩስ ሄሪንግ ብቻ ነው የምጠቀመው።

ሆመር_ያለሁት · ማክሰኞ ከሰዓት 8፡20

ትኩስ ካገኘህማ ማን ይጠላል። ግን ትኩስ ሄሪንግ በየቀኑ ማን ይሰጥሃል? ልጁ የሚያገኘው ከሱቅ በረዶ የሆነውን ነው። በረዶ የሆነ ሄሪንግ ሲቀልጥ ሥጋው ይላላል፣ ጨው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጨው ውሃውን ያወጣል፣ ሥጋው ይጠነክራል፣ ቆዳው ላይ ያለው ብርማ ቅርፊትም አይረግፍም።

አሠራሩ ይሄ ነው። ሄሪንጉን ማታ ከበረዶ አውጥተህ ፍሪጅ ታደርገዋለህ፣ ቀስ ብሎ ይፈታል። ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚነክሩ አሉ፣ እነሱ ጠዋት ገንፎ ነው የሚያገኙት። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ በውሃ ብርጭቆ አንድ ሙሉ ደረቅ ጨው፣ አዮዲን የሌለው። አዮዲን ያለው ለሰው እንጂ ለአሳ ጥሩ አይደለም ይላሉ የድሮዎቹ። ሄሪንጉ አንድ ሌሊት ውስጡ ያድራል። ጠዋት ስትነካው እንደ ላስቲክ ይመለሳል። በቃ።

መቁረጥ ደግሞ ጨው ውሃው ውስጥ ሳይገባ፣ ግማሽ በረዶ እንደሆነ ነው። ሙሉ በሙሉ ከፈታ ቢላው ይጨፈልቀዋል። ቢላህ ምላጭ ይሁን። በሰያፍ ሁለት ቦታ ትከፍለዋለህ።

ከዚራ_ልጅ · ሐሙስ ማታ 3፡30

ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ። ረጅም ነው፣ ሻይ ያዙ።

ሄሪንግ ስለሌለ ከጅቡቲ በበረዶ ከሚመጣው አሳ ላይ ሁለት ኪሎ ሰርዲን ገዛሁ። ሻጩ "ለጥብስ ነው?" አለኝ። "ለመንጠቆ ነው" ስለው ዝም ብሎ አየኝ። ኦክቶፐስ የለም። የፍየል ጨጓራ ገዛሁ፣ ጎማነቱ ይቀርባል ብዬ።

ጥፋቴን ልናዘዝ። የሆመሩን ምክር አንብቤ እያለሁ ራሴን ብልህ አደረግሁ። "ይሄ እኮ ቋንጣ ነው፣ ቋንጣ እኛ ቤት በደንብ ይሠራል" አልኩ። ግማሹን ሰርዲን በጨው አሽቼ ክር ላይ ሰካሁና በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። የግንቦት የድሬ ፀሐይ መሆኑን አትርሱ። እስከ ከሰዓት ድረስ ደረቀ። ጠዋት ደግሞ የመጨረሻዋን ድመት ከእሱ ሥር አገኘኋት፣ ሌሎቹ ጠግበው ሄደዋል። የተረፉትን ሦስት ሰርዲን ስነካቸው እንጨት ናቸው። መንጠቆ ስገፋባቸው እንደ ብስኩት ተሰበሩ። አፍንጫዬ ላይ ሳደርጋቸው ደግሞ ጨው ጨው እንጂ አሳ አይሸቱም። ዘይታቸው ሁሉ በረንዳው ላይ ፈሶ ቀርቷል። እናቴ በበረኪና ሁለት ጊዜ አጥባዋለች፣ አሁንም አለ።

ሌላውን ግማሽ ልክ እንደተባልኩት በጨው ውሃ አሳደርኩት። ለዚያ የወሰድኩት ድስት የእናቴ የሽሮ ድስት ነበር፣ ሌላ ክዳን ያለው አጣሁ። ጠዋት ሳወጣቸው ልዩነቱ በጣት ይታወቃል። ከትናንቱ የጠበቁ፣ ግን የሚታጠፉ፣ ሲሸቱ ደግሞ ቤቱ ሁሉ የሚያውቃቸው። እናቴ ከጓዳ "ድስቴን ምን አደረግኸው?" አለች። ሰኔ ፆም ሳይገባ እንድጨርስ አስምላኛለች።

ባሕረኛው · ሐሙስ ማታ 3፡41

ቋንጣ ለሰው ነው የሚሠራው፣ እርጥበቱን አውጥተህ እንዲቆይልህ። ለመንጠቆ ግን ውሃው ውስጥ የሚፈሰው ዘይትና ደም ነው የሚሠራልህ። እሱን ፀሐይ ላይ ከጨረስክ ለአሳው ምን ታስተርፍለታለህ?

እናት_ጓዳ · ሐሙስ ማታ 3፡55

የሽሮ ድስት ውስጥ አሳ? ልጄ ብትሆን ዲቪውን እቀድልህ ነበር።

ሲያትል_ድሬ · ሐሙስ ማታ 4፡12

እሺ፣ የጨው ውሃውን አምኛለሁ። ባለፈው ያበላሸብኝ ጨው ራሱ ሳይሆን ማብዛቴ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ሦስት ቀን ነበር የማቆየው።

ጁገል_ነኝ · አርብ ጠዋት 2፡30

ድመቶቹ የመረጡትን አየህ? የደረቀውንም በልተውታል። የድሬ ድመት ዳኛ አይሆንም። ይልቅ ቅዳሜ ሐረማያ ና፣ ጨው ያደረውን ሰርዲንህን ይዘህ። በትንሽ መንጠቆ አምባዛ ላይ እንሞክረው።

ከዚራ_ልጅ · አርብ ጠዋት 2፡33

መጣሁ!

ሆመር_ያለሁት · አርብ ከሰዓት 9፡00

ከመሄድህ በፊት፣ ስለዚያ ትልቅ መንጠቆ። ወንድምህ የሰጠህ ክብ መንጠቆ ነው። ጫፉ ወደ ግንዱ ዞሯል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሃሊበት አጥማጅ ሁሉ ወደ እሱ ነው የዞረው። አሠራሩ ከለመድነው ይለያል። ቀጥ ያለ መንጠቆ አሳው ሲነክስ መንጨቅ ነው። ይሄኛውን ከነጨቅከው ባዶውን ከአፉ ይወጣል። ዝም ብለህ አሳው ይዞ እንዲሄድ ትተወዋለህ። ክሩ ሲወጠር መንጠቆው ራሱ ወደ ከንፈሩ ማዕዘን ተንሸራቶ ይዞራል፣ ያኔ ታጠነጥናለህ።

ከምግቡ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ነው። በጫፉና በግንዱ መሀል ያለው ክፍተት ባዶ መሆን አለበት። አዲስ ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ነው። አሳው ይወዳል ብሎ ሥጋውን ይጠቀጥቃል፣ ክፍተቱ ይደፈናል፣ መንጠቆው የሚይዝበት አፍ ያጣል። ኦክቶፐሱን በአንድ ጫፉ ሁለት ጊዜ ውጋና ወደ ግንዱ ገፍተህ አስቀምጠው። ሌላው ጫፉ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ።

ጀሪካን ላይ ሞክረው። መንጠቆውን ክር አስረህ በአፉ አስገባና ቀስ ብለህ ሳብ።

ከዚራ_ልጅ · አርብ ማታ 1፡20

ጀማዓ ይሄንን ሁላችሁም ሞክሩት። ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ወፍራም ናይለን። ባዶ መንጠቆ ከትቼ ቀስ ብዬ ስስብ አፉ ጠርዝ ላይ ዞር አለና ቀጭ ብሎ ያዘ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ ስምንቱን ያዘ። ነጨቅ ሳደርግ ሁለቴ ብቻ። ከዚያ ጨጓራውን ሙልት አድርጌ ሰካሁ። አሥር ጊዜ ሳብኩ፣ አንድም አልያዘም! ተንሸራቶ ይወጣል። ጨጓራውን ወደ ግንዱ ገፍቼ አንዱን ጫፍ ሳንጠለጥለው እንደገና መያዝ ጀመረ።

ታናሽ እህቴ ጀሪካኑን ይዛ አሳ ሆና እየሮጠችልኝ ነበር። ጎረቤት በግንብ ላይ ብቅ ብሎ አየን። ምንም አላለም።

አሸዋ_ሰፈር · አርብ ማታ 1፡35

ጨጓራ አባክነህ! ዱለት ይሆን ነበር አቦ!

ጁገል_ነኝ · ቅዳሜ ማታ 2፡50

የሐረማያን ውሎ እኔ ልንገራችሁ፣ እሱ ደክሞት ተኝቷል። ጠዋት በሚኒባስ መጣ። አሳውን በሦስት ፌስታል ጠቅልሎት ነበር፣ ቢሆንም ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል አለኝ። ሁለት ክር ጣልን። በእኔ የዶሮ አንጀት፣ በእሱ ጨው ያደረ ሰርዲን በስፌት ክር የተጠመጠመ። እስከ አራት ሰዓት በእኔ በኩል አንድ፣ በእሱ በኩል ምንም። ከዚያ እኔ ጨጓራ ቁራጭ ላይ ግማሽ ሰርዲን ደርቦ እንዲሰካ ነገርኩት፣ የሆመሩን ድርብ ማለት ነው። ሁለት አምባዛ አወጣ፣ አንዱ ክንዴን ያህላል። ሰርዲኑ ግማሹ ተበልቷል፣ ጨጓራው ግን እንደተሰካ ነበር። ልጆቹ "ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!" (አሳ! አሳ!) እያሉ ከበቡን።

አንድ ቀን ነው፣ በአንድ ቀን ምንም አይባልም። ግን ነገ እኔም ጨጓራ እገዛለሁ።

ከዚራ_ልጅ · እሁድ ጠዋት 3፡10

ነቃሁ። እጄ አሁንም ይሸታል። በሎሚ ታጥቤያለሁ፣ በቡና አተላ አሽቻለሁ።

ሆመር፣ አንድ የቀረኝ። ታች ወርዶ ስንት ጊዜ ይቆያል? መቼ ነው የምቀይረው?

ሆመር_ያለሁት · እሁድ ከሰዓት 10፡40

ሄሪንግ ከሆነ ከሃያ እስከ ሰላሳ ደቂቃ። ከዚያ በኋላ እዚያው ቢኖርም ታጥቧል፣ ነጭ ጨርቅ ነው የሚሆነው፣ ሽታ የለውም። ሰው ስለሚሰንፍ አይቀይርም። ከ50 ሜትር በታች አንድ ኪሎ እርሳስ አንጠልጥሎ ማጠንጠን ክንድ ይበላል፣ እውነቴን ነው። ግን ትኩስ ሽታ የሚያወርድ ሰው ነው የሚይዘው።

ደግሞ የባሕሩን ሰዓት ጠብቅ። ሆመር ያለችበት ኩክ ኢንሌት ላይ ውሃው ከፍና ዝቅ ሲል ልዩነቱ በትልቁ ቀን ከ6 ሜትር ይበልጣል። ውሃው ሲሮጥ እርሳስህ ወለል አይነካም፣ ምግብህ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። የሚሠራው ውሃው ቀስ ሲል ነው፣ ሊቆም ሲልና መዞር ሲጀምር። ጀልባው መልሕቅ ጥሎ ይቆማል። ሽታው በቀስታ ከጀልባው በታች በኩል ይዘረጋል፣ ሃሊበቱ ያንን ይዞ ይመጣል። ጁገል ስለ ጅቡ ያልከው እኮ በትክክል ይሄ ነው።

ሲነክስ መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ይላል። እጅህ ይበላሃል፣ መንጨቅ ያምርሃል። አትንካው። ዘንጉን እዚያው ተወው። ሲከብድና ሲጎነበስ ያኔ ነው።

የመዝናኛ ማጥመጃው ጊዜ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው፣ ሰኔ መጨረሻ ስትደርስ ልቡ ላይ ነህ። አላስካ 12 ወር ሳትሞላ የነዋሪ ፈቃድ አታወጣም፣ የእንግዳውን ነው የምትከፍለው። ወንድምህ "የኔን ይዘህ ውጣ" ቢልህ እሺ እንዳትል።

ፈጢራ_በማር · እሁድ ከሰዓት 11፡15

እንግዲህ ትልቁ ስንት ይደርሳል? ለነገ ወሬ ያስፈልገኛል።

ሆመር_ያለሁት · እሁድ ከሰዓት 11፡22

በዘንግ ከተያዙት የዓለም ሪከርዱ በ1996 (በእነሱ) ዳች ሃርበር አላስካ ላይ የወጣው ነው፣ 459 ፓውንድ፣ ወደ 208 ኪሎ። ያንን የሚያህለውን "የጎተራ በር" ይሉታል። አምስት ስድስት ኪሎ የሆኑትን ደግሞ "ዶሮ" ይሏቸዋል። ለመብላት ዶሮዎቹ ይሻላሉ። ግዙፎቹ ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፣ ብዙ ዕንቁላል የሚጥሉት እነሱ ናቸው፣ እኔ ብሆን ፎቶ አንስቼ እለቃለሁ። አሜሪካና ካናዳ ለዚህ አንድ አሳ ብለው ከ1923 ጀምሮ የጋራ ኮሚሽን አላቸው።

ባሕረኛው · እሁድ ማታ 1፡05

ዶሮ የሚሉት አሳ ካለ የጾም ዶሮ ወጥ ተገኘ ማለት ነው።

አንድ ነገር ከልምድ። ጀልባ ላይ ስትቆርጥ ከንፋሱ በታች ሁን። የሰው ልብስ ላይ ሽታው ከሄደ ያኔ ነው ስድቡ የሚጀምረው። ቢላህን ከሰሌዳው ውጪ አታስቀምጥ። ክርህንም ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ የስፌት ክር አላስካ ላይ ማን ያበድርሃል?

ከዚራ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 2፡00

ዛሬ ወንድሜ ደወለ። "ምን እየሠራህ ነው?" ሲለኝ "ሄሪንጉን ማታ ፍሪጅ፣ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ ጨው፣ ግማሽ በረዶ እያለ በሰያፍ" አልኩት። ዝም አለ። "ማን ነገረህ?" አለኝ። "ሳቢያን፣ ጅቡቲና ሐረማያ" አልኩት። የቀልድ መሰለው።

ሁለት ሳጥን ሄሪንግ ገዝቶ በረዶ ቤት አስቀምጧል። ኦክቶፐሱን ግን "ውድ ነው፣ አንተ ስትመጣ እናያለን" አለ። እኔም በሻንጣዬ ሁለት ጥቅል የስፌት ክር ይዤለት እሄዳለሁ፣ ጥቁርና ነጭ።

እናት_ጓዳ · ረቡዕ ማታ 2፡18

ክሩን ተወውና የእናትህን ድስት ነገር ንገረን።

ከዚራ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 2፡21

በአመድ ፈተግኩት፣ በሎሚ ቀቀልኩት። ትናንት ሽሮ ተሠራበት፣ አባቴ አንድ ጉርሻ ጎርሶ እናቴን አያት። ዛሬ ከታይዋን ገበያ አዲስ ገዛሁላት። መክደኛው ትንሽ ይወዛወዛል።